«ዳኛ በደመወዝ አይገዛም» አሉን

የሄርማታ ልጅ
ትናንት እዚህ ጅማ ስለ ፍርድ ቤት አገልግሎት ነዋሪ ተሰብስቦ ነበር። አንድ አባት ተነስተው «የዳኛ ቁጥር ይጨመር፣ ደመወዛቸውም ይስተካከል፣ መዝገብ ተከምሯል» አሉ። መድረክ ላይ ያሉት ሰውዬ ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? «ዳኛ በደመወዝ አይገዛም።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም። በደመወዝ የማይገዛ ሰው በምን ሊገዛ ነው?

ሐሙስ ገበያ
አንተ ደግሞ ቃል መልቀም ትወዳለህ። ዳኝነት የህሊና ሥራ ነው ማለታቸው ነው። እኔ በአንድ የሱቅ ኪራይ ክርክር ዘጠኝ ቀጠሮ ተመላልሻለሁ። የት ችሎት እንደሆነ አልናገርም። አንዴ ዳኛው ስብሰባ ናቸው፣ አንዴ ስልጠና፣ አንዴ መጥሪያው አልደረሰም፣ አንዴ መዝገቡ አልተመረመረም። ደመወዝ ስለጨመርንላቸው ስብሰባው ይቀራል እንዴ? ሰው ይጨመር። ደመወዙ ይቆየን።

የሄርማታ ልጅ
ሰው ይጨመር ያልከው ከየት ይመጣል? በደመወዝ አይገዛም ተብሏል እኮ።

ቦሳ
በዱቤ ይሞከር።

ጡረተኛው
ልጆች፣ እኔ ችሎት ጽሕፈት ቤት ነው ያረጀሁት። ትንሽ ልናገር። ጠዋት የቀጠሮ ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል። ሰው ስሙን እየፈለገ ይጋፋል። ዳኛው ያን ሁሉ መዝገብ ይጠራል። አንዱ መልስ ያቀርባል፣ አንዱ ምስክር አልመጣልኝም ይላል፣ ሌላው ጠበቃዬ ታሟል ይላል። ከሰዓት ምስክር ይሰማል። ፍርዱ መቼ ይጻፋል? ማታ፣ ቤት። መብራት ከሄደ በሻማ።

አሁን ዳኛው ለቀቀ እንበል። ግማሽ ምስክር የተሰማበት መዝገብ ሁሉ ወደ ሌላ ዳኛ ይዞራል። አዲሱ ምስክሩን በዓይኑ አላየውም፣ ከወረቀት ነው የሚያነበው። እሱም በላዩ ላይ የራሱ መዝገብ አለበት። እና ሐሙስ ገበያ፣ ከዘጠኙ ቀጠሮህ ዳኛ ሲቀየር የመጣው ስንቱ ነው?

ሐሙስ ገበያ
ሁለቴ ተቀይሯል፣ ጋሼ።

የሄርማታ ልጅ
ይኸው! የት ሄዱ ሁለቱ?

ሐሙስ ገበያ
አንዱ ተዛወረ። አንዱ ጠበቃ ሆኗል። የባላጋራዬ ጠበቃ ሆኖ እንዳይመጣ ነው የምጸልየው።

የሄርማታ ልጅ
ጥብቅና ገዛው በለኛ። በምን ገዛው? በህሊና?

የጅሬን እህት
ይቅርታ፣ እኔ መምህርት ነኝ። መምህርስ በደመወዝ ይገዛል? ለ2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጭማሪ ሲነገር ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ይገባል ተባለ። ደስ ብሎናል። ግን ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ምን እንደደረሰበት ዘይት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ነርሱም፣ መምህሩም፣ ፖሊሱም ያው ነው። ዳኛው ለብቻው ተነጥሎ የሚታዘንለት በምን ሒሳብ ነው?

አዌቱ ማዶ
እህቴ፣ በዚህ ሒሳብ ነው። አንቺ ክፍል ገብተሽ ስታስተምሪ ከመንግሥት ጋር አትከራከሪም። ዳኛው ፊት ግን አንዱ ተከራካሪ ራሱ መንግሥት የሚሆንበት ቀን አለ። ይዞታዬን ያለአግባብ ወሰዱብኝ ብለሽ አስተዳደሩን ብትከሺ፣ ዳኛው ደግሞ የሚኖርበትን ቤት ከዚያው አስተዳደር የሚለምን ቢሆን፣ ምን ይሰማሻል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ላይ ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም ይላል። ቤት ኪራይ ግን ይመራል። በደንብ ይመራል።

የጅሬን እህት
ስለዚህ ዳኛ በደመወዝ ይገዛል ነው የምትለኝ?

አዌቱ ማዶ
አላልኩም! እንዳይገዛ ነው ደመወዝ የሚከፈለው።

ቦሳ
ጭንቅላቴ ዞረ። ይገዛል ወይስ አይገዛም? ድምፅ እንስጥ።

ሐሙስ ገበያ
እሺ ይሁን። የከተማችን ምክር ቤት ይጨምርላቸዋ። ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ የራሷ የከተማ ፍርድ ቤት አላት አይደል።

አዌቱ ማዶ
አታምታታ። አዲስ አበባ በቻርተሯ ነው፣ አዋጅ 361/1995። ድሬዳዋም በ416/1996 የራሷ አላት። ጅማ ያለው ፍርድ ቤት የኦሮሚያ ነው። ዳኛውን የሚሾመው ጨፌ፣ የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት። በጀቱንም የሚወስነው ክልሉ ነው። የከተማ ምክር ቤት አንድ ዳኛ ልጨምር፣ መቶ ብር ልጨምር ቢል አይችልም። ባይችልም ጥሩ ነው። ምክር ቤቱ ቢከሰስ ማን ሊዳኝ ነው?

ሐሙስ ገበያ
ታዲያ ትናንት እዚህ የሰበሰቡን ለምንድን ነው?

ቦሳ
ለውሃውና ለብስኩቱ።

የጅሬን እህት
አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘላችሁ። አስተርጓሚ። ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። ጎረቤቴ ዳውሮ ናቸው፣ አማርኛቸውም ስብርብር ነው። ሁለት ቀጠሮ የተመለሱት አስተርጓሚ የለም ተብለው ነው። ዳኛ አሥር ቢጨመር እሳቸው ምን ይጠቀማሉ?

የሄርማታ ልጅ
ጅማ ያን ያህል ዓመት ኖሮ ኦሮምኛ አለመልመድ የማን ጥፋት ነው?

የጅሬን እህት
ሰው ገበያ በሚግባባበት ኦሮምኛ የውርስ ክርክር አይከራከርም። አንተ በአማርኛ «ይዞታ ሁከት ይወገድልኝ» የሚለውን ለእናትህ አስረዳቸውና ተመለስ።

የሄርማታ ልጅ
እናቴን ምን አመጣቸው እዚህ?

ጡረተኛው
በቃ፣ በቃ። እናት አይነሳም። ግን እሷ ያለችው እውነት ነው። ዳኛ ሲጨመር ችሎት ጸሐፊ፣ መዝገብ ቤት፣ አስተርጓሚ፣ መጥሪያ አድራሽ አብሮ ካልተጨመረ አዲሱ ዳኛ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል እንጂ መዝገብ አይደርሰውም። ወንበሩም ከተገኘ ነው። ሁለት ዳኛ በአንድ ጠረጴዛ ተፈራርቀው ሲያስችሉ አይቻለሁ።

ሐሙስ ገበያ
ጋሼ፣ እኔማ ወደ ባህል ፍርድ ቤት ብወስደው ይሻለኛል። በኦሮሚያ አዋጅ 240/2013 እውቅና አግኝቷል። ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር በሁለት ቀን ይጨርሱታል።

አዌቱ ማዶ
ባላጋራህ እሺ ካለ ነዋ።

ሐሙስ ገበያ
አይልም። እሱማ በቀጠሮው ተመችቶታል። በየወሩ በድሮ ኪራይ ሱቄ ውስጥ ይነግዳል።

ጡረተኛው
ድሮ ሰው «ያለፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ይል ነበር። ዳኛ ይከበር ነበር።

ቦሳ
ጋሼ፣ በቅሎዋ ዘጠነኛው ቀጠሮ ላይ አረጀች እኮ።

የሄርማታ ልጅ
ወደ ነገራችን እንመለስ። «አይገዛም» ያሉት ሰውዬ ይቅርታ መጠየቅ አለባቸው። አንድን ሙያ በአደባባይ እንደ ዕቃ ነው የጠሩት።

የጅሬን እህት
ቆይ፣ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላ ነው የተቀመጥኩት። «አይገዛም» አላሉም። «ዳኛ በደመወዝ አይለካም» ነው ያሉት።

የሄርማታ ልጅ
በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ሦስተኛ ረድፍ ነበርኩ!

አዌቱ ማዶ
«አይለካም» ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንባላ የዋልነው በምን ላይ ነው?

የሄርማታ ልጅ
ሌላ አይደለም። አይለካም ማለትም አይጨመርም ማለት ነው።

ሐሙስ ገበያ
አሁን ማን ነው ቃል የሚለቅመው?

ቦሳ
የቀዳ የለም?

የጅሬን እህት
እኔ ቀድቻለሁ። አሁን መልሼ ሰማሁት። «ዳኛ በደመወዝ አይ...» ካሉ በኋላ ጭብጨባ ብቻ ነው የሚሰማው። በተለይ አንዱ ስልኬ አጠገብ ያለ እስኪመስል እጁን ያጋጨዋል። ፊት ከተቀመጡት ነው፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ።

ሐሙስ ገበያ
የሄርማታ ልጅ፣ ትናንት ምን ለብሰህ ነበር?

የሄርማታ ልጅ
ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነበር?