«ነዳጅ»፣ «ነጂ» እና «ፍሬን በጠሰ»

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። መኪና ወዳድ ጓደኞቼ በሚጽፉት ውስጥ «ነዳጂ ጨርሻለሁ»፣ «ተሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ አልያዘም» እና «መኪናው ፍሬን በጠሰ» የሚሉ አገላለጾችን ዘወትር አነባለሁ። ስሕተቱ የትኛው ነው?

መልስ፣ ከደሴ፦
ወንድሜ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ስሕተት ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ያለ አግባብ የሚታረም ትክክለኛ አማርኛ ነው።

«ነዳጅ» የወጣው «ነደደ» ከሚለው ግሥ ነው። «ወደደ» «ወዳጅ»ን እንደሚሰጥ ሁሉ «ነደደ»ም «ነዳጅ»ን ይሰጣል፤ «ወዳጂ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «ነጂ» ግን የ«ነዳ» ልጅ ነው፤ ከ«ቀዳ» «ጠጅ ቀጂ» እንደምንለው ማለት ነው። ሁለቱ በድምፅ ቢቀራረቡም ሥራቸው አይገናኝም።

«ተሽከርካሪ» የሚሽከረከረው ዕቃ፣ «አሽከርካሪ» ደግሞ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ሰው ነው፤ «ተንቀሳቃሽ» እና «አንቀሳቃሽ» እንደሚለያዩት ነው። መንጃ ፈቃድ የሚይዘው አሽከርካሪው ነው።

«ታርጋ»፣ «ቦሎ»፣ «ፍሬቻ» እና «ናፍጣ» ከጣሊያንኛ መጥተው በአፋችን የተሞረዱ ስለሆኑ እንደሚነገሩ ይጻፉ።

ወደ ሦስተኛው ልመለስ። ባለፈው ክረምት የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አንድ የጭነት መኪና የተቃጠለ ነገር እየሸተተ መንገድ ዳር ሲቆም፣ ረዳቱም ታኮ ይዞ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ሲወሽቀው አየሁ። ሾፌሩ «ፍሬን በጠሰብኝ» አለን፤ ነገር ግን የተቆረጠ ነገር አልነበረም፤ በረጅሙ ቁልቁለት ፍሬን ደጋግሞ ከመያዝ የተነሣ የፍሬኑ ሸራ ግሎ መጨበጥ አቅቶት ነበር። በአባባሉ ውስጥ በጣሹ መኪናው ነው። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች» ሲባል በጣሿ በቅሎዋ እንደሆነች ሁሉ፣ ይህም አባባል መኪናው ከያዘው ነገር አምልጦ መሄዱን ይናገራል። ስለዚህ «ፍሬኑ ተበጠሰ» ብለው የሚያርሙ ሰዎች ያንን የሚያመልጥ እንስሳ ምስል ያጠፉብናል፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል፤ አንደበቱን መግታት ያቃተውን ሰው «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ከዚያው ምስል ተነሥተን ነውና።

ጥያቄ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። «ማርሽ ቀያሪ» የሚለውስ ከዚሁ ወገን ነውን?

መልስ፦
ነው። በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር፣ በውድድሩ ማብቂያ ላይ ድንገት ስለሚፈተለክ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ። አጻጻፉንም አስተውል፦ «ነዳጅ» ላይ «ድ» ወደ «ጅ» ስለተለወጠ መድረሻው «ኢ» ይዋጣል፤ «ር» ግን ስለማትለወጥ «ቀያሪ» ላይ «ሪ» እንዳለች ትቀራለች።