የዱቄት ወተት የጨረር ልኬት ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ በዱቄት ወተት ውስጥ ያለውን የተፈጥሮ ጨረር በጋማ ስፔክትሮሜትር (የጋማ ጨረርን በኃይሉ ለይቶ በሚቆጥር መሣሪያ) እየለካሁ ነው። ራዲየም ሲፈርስ የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ ሳያመልጥ ከራዲየሙ ጋር ሚዛን እንዲይዝ ናሙናዎቹን አሽጌ አራት ሳምንት አቆይቻለሁ።

ጨረር የሚያወጣው የፖታሲየም ዓይነት፣ ፖታሲየም-40፣ በ1460 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ኃይል መለኪያ) ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱ አያስጨንቀኝም። 1 ግራም ፖታሲየም በተፈጥሮው 31 ቤኬሬል ገደማ (በሰከንድ 31 ያህል የአቶም መፍረስ) አለው፤ ሰውነትም የፖታሲየሙን መጠን ራሱ ያመጣጥናል።

የቸገረኝ ራዲየም-226 ነው። ራዲየሙን የምለካው ከእሱ መፍረስ በሚመጣው በቢስመዝ-214 ነው፤ በ609 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ የሚጠበቀው የቢስመዝ-214 ጫፍ ግን ከባዶው ዕቃ ልኬት ምንም አይለይም። ታዲያ የሕፃናትን ዓመታዊ ዶዝ (ከወተቱ የሚደርስባቸውን የጨረር መጠን) ሳሰላ ራዲየሙን ዜሮ ልበል ወይስ የመሣሪያውን ዝቅተኛ የመለየት ወሰን (ሊለየው የሚችለውን ትንሹን መጠን) ልጠቀም? ወሰኑን ስወስድ ዶዙ ያላግባብ ያብጣል፣ ወላጆችን በከንቱ ያስደነግጣል። ዜሮ ለማለትም ሕሊናዬ አልፈቀደም።

በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እንዴት እንደጻፋችሁት ንገሩኝ። የቆጠራ ጊዜውን ባራዝምስ ይረዳኛል?