መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኡቡንቱ አልነሣም አለ፤ ዲስኩን ከፍላሽ እንዴት ልጠግነው?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። የኮፒ ቤት ኮምፒውተር ነው። መብራት ድንገት ጠፍቶ ከተመለሰ ወዲህ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ ይቆማል፤ ከበላዩ ኤስዲኤ2 ላይ ኤፍኤስሲኬን (የፋይል ሲስተም መጠገኛውን) በእጅ አስኪድ ይላል። ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍል) ኢኤክስቲ4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ነው። የደንበኞች ሰነድ ስላለበት ፎርማት ማድረግ አልችልም። የኡቡንቱ ፍላሽ አለኝ።

ምላሽ (ባሕር ዳር)
ወንድምዓለም፣ ሰነዱ አለ፤ አትቸኩል። ከፍላሹ አስነሣና «ኡቡንቱን ሞክር» የሚለውን ምረጥ፣ «ጫን»ን እንዳትነካ። ተርሚናል ላይ «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» በል። ከፍላሽ ሲነሣ የዲስኩ ስም ሊለወጥ ስለሚችል ኢኤክስቲ4 የሆነውን ፓርቲሽን ለይ። ማውንት ተደርጎ (ሲስተሙ ለሥራ ከፍቶት) ከሆነ በ«ኡማውንት» አውርደው። ማውንት በተደረገ ፓርቲሽን ላይ ጥገና ማስኬድ ጤነኛውንም ፋይል ያበላሻል፤ ሲስተሙም ጥገናውም አንድ ቦታ ላይ ሳይተያዩ ይጽፋሉና።

ከዚያ «ሱዶ ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤን /ዴቭ/ኤስዲኤ2»። -ኤን ያያል እንጂ አይጽፍም። ጆርናሉንም (ያላለቁ ለውጦች የተመዘገቡበትን) ስለማያስኬድ ስህተቱን አብዝቶ ሊያሳይህ ይችላል፤ አትደንግጥ።

ምላሽ (ፍኖተ ሰላም)
ወደሚጽፈው ከማለፍህ በፊት የዲስኩን ጤና እይ። «ስማርትሞንቱልስ»ን ጫንና «ሱዶ ስማርትሲቲኤል -ኤ /ዴቭ/ኤስዲኤ» በል። መለያው 197 የሆነው መስመር መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ማንበብ ያቃተው ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ቁራጭ) አለ ማለት ነው፤ በ«ዲዲሬስኪው» ወደ ሌላ፣ ከእሱ ወደማያንስ ዲስክ ገልብጥና ቅጂውን ጠግን። መለያው 199 የሆነው እየጨመረ ከሄደ ግን መጀመሪያ የሳታ ኬብሉን (ዲስኩን ከቦርዱ የሚያገናኘውን) ቀይር። ደግሞም ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) አትጀምር። ጥገናው መሀል ላይ መብራት ከሄደ ጉዳቱ ከፊተኛው ይብሳል።

ጠያቂ
197 ዜሮ ነው፤ ተመስገን። ግን «ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤን /ዴቭ/ኤስዲኤ» ስል «ባድ ማጂክ ነምበር ኢን ሱፐር-ብሎክ» አለኝ።

ምላሽ (ባሕር ዳር)
2ቷን ረስተሃል። ኤስዲኤ ሙሉ ዲስኩ ነው፣ ፋይል ሲስተሙ ያለው ኤስዲኤ2 ውስጥ ነው። ትክክለኛው ላይም ይህንኑ ካለ በመጠባበቂያው ሱፐርብሎክ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መረጃ ቅጂ) ሞክር፦ «-ቢ 32768»፣ እምቢ ካለ 98304። ቁጥሮቹ ብሎኩ 4 ኪሎባይት ሲሆን ነው የሚሠሩት፤ የተለመደውም እሱ ነው።

ሲስተካከል «ሱዶ ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ -ዋይ /ዴቭ/ኤስዲኤ2»፤ ሲጨርስ ወዲያው «ኤኮ $?» በል። 1 ካለ ተጠግኗል፣ 4 ካለ የቀረ ስህተት አለ። 0 እስኪል ድገመው። ስማቸው የጠፋ ፋይሎች «ሎስት+ፋውንድ» ውስጥ በ# እና በቁጥር ተሰይመው ይቀመጣሉ፤ «ፋይል» የሚለው ትእዛዝ የትኛው ፒዲኤፍ፣ የትኛው ዎርድ እንደሆነ ይነግርሃል።