የታካሚ ስም ፍለጋን እንዴት ቴስት ላድርግ? ቴስቱ ያልፋል፣ ካርድ ክፍል ግን ካርዱን አያገኝም

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ» (የጠያቂው የመድረክ ስም)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለአንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል አገልግሎት የሚውል የድረ ገጽ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው። ኮዱ በፓይተን ቋንቋና በጃንጎ (የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) የተጻፈ ሲሆን ሥራ ላይ ያለው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው። ቴስቶቹን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ግን ስለሚፈጥን ሚሞሪ ላይ በሚሠራ ኤስኪውላይት በሚባል ቀላል ዳታቤዝ አስኬዳለሁ፤ ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ ደግሞ ዳታቤዙን በሞክ (የታዘዘውን ብቻ በሚመልስ አስመሳይ ምትክ) የተኩ ስለሆኑ ጭራሽ አይነኩትም።

ባለፈው ሳምንት አሠራሩን ለማየት ካርድ ክፍል ተቀምጬ ሳለ መዝጋቢዋ «ሀይለማርያም» ብላ ስትፈልግ ምንም አልመጣላትም። ታካሚው «አምና እዚሁ ታክሜአለሁ» እያለ ሲከራከር ቆየ፤ ወረፋው ሲረዝምባት ሁለተኛ ካርድ አወጣችለት። ቢሮ ተመልሼ ስመለከት የመጀመሪያው ካርድ «ኃይለ ማርያም» ተብሎ ተመዝግቧል። በዚያው ቀን በስሙ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያጠፋና ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ የሚያደርግ ፈንክሽን ጻፍኩ። በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው) ሰንጠረዥ የሐ ቤት ከሀ ቤት 16 ቦታ፣ የኀ ቤት ደግሞ 128 ቦታ ርቀው ስለሚገኙ ፈንክሽኑ ይህንን ልዩነት ከፊደሉ ቁጥር ላይ ይቀንሳል። «ኀይሉ»ን መዝግቤ «ሀይሉ» ብዬ የምፈልግበት ቴስትም ጨመርኩ፣ አለፈ። «ሀይለማርያም» ግን ዛሬም አይገኝም። የቱን በሞክ፣ የቱን በእውነተኛ ዳታቤዝ መፈተሽ እንዳለብኝ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «ሰባራ ባቡር»

በመጀመሪያ ሞኩን እንመልከት። ፍለጋን የሚያከናውነው ዳታቤዙ ነው። ዳታቤዙን በሞክ ተክተው «ይህን ዝርዝር መልስ» ካሉት በኋላ ዝርዝሩ መመለሱን ቢያረጋግጡ፣ ያረጋገጡት ሞኩ የታዘዘውን መናገሩን ብቻ ነው። ሞክ የሚጠቅመው ከፍለጋው ውጭ ላለው ኮድ ነው፤ ለምሳሌ ውጤት ሲጠፋ ገጹ ምን ያሳያል፣ ግንኙነት ሲቋረጥ መዝጋቢዋ ምን መልእክት ታያለች ለሚለው።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። ፊደል አስተካካዩ ፈንክሽን ጽሑፍ ተቀብሎ ጽሑፍ ይመልሳል፣ ዳታቤዝ አያውቅም፤ በዚህ ላይ የፈለጉትን ያህል ትንንሽ ዩኒት ቴስት (አንድን ቁራጭ ኮድ ለብቻው የሚፈትሽ) ቢደረድሩ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያልቃሉ። ጥያቄውን ለዳታቤዙ የሚያቀርበው ክፍል ግን በእውነተኛ ፖስትግሬስ ላይ እንጂ በሌላ አይፈተሽ። በዚህኛው ጥቂት ቴስቶች ይበቃሉ፤ የፊደሉን ዝርዝር ሁሉ እዚያ መድገም አያስፈልግም።

ሌላው ያስተዋልኩት፣ ቴስትዎ ውስጥ ያለው መዝገብ አንድ ብቻ ይመስላል። አንድ ሰው ብቻ ባለበት ዳታቤዝ ማጣሪያውን ጨርሶ የረሳ ፍለጋም ያልፋል፣ ምክንያቱም ያለውን ሁሉ ቢመልስ ያለው ያው የሚፈለገው ሰው ነው። «ዓለሙ»ን ሲፈትሹ አጠገቡ «አለማየሁ»ን፣ «ዓለምነሽ»ን እና ምንም የማይገናኘውን «በለጠ»ን አስገቡ፤ ከዚያ ማን መገኘት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ማን መገኘት እንደሌለበትም በቴስቱ ጻፉ። እኔ በግሌ ቴስት አንብቤ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አላገኘውም።

መልስ፦ «እሪ በከንቱ»

«ሀይለማርያም» ለምን እንዳልተገኘ ልንገርዎት። በካርዱ ላይ ያለው ፊደል ኀ ሳይሆን ኃ ነው። ከኃ 128 ሲቀነስ የሚገኘው ሃ ነው፣ ሀ አይደለም። መዝጋቢዋ ግን ሀ ጻፈች። በአማርኛ የሀ ግዕዙና ራብዑ አንድ ዓይነት ድምፅ ስላላቸው ሰው እንደ ልማዱ ይጽፋቸዋል፤ የእርስዎ ቅነሳ ግን ከቤት ወደ ቤት ይወስዳል እንጂ ግዕዝና ራብዕን አያገናኝም። የመረጡት ምሳሌ «ኀይሉ» በመሆኑ ቴስቱ ይህንን ሊያይ አልቻለም። አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ ላይም ያው ችግር ይጠብቅዎታል።

ምሳሌዎችን በግምት ከመምረጥ ይልቅ አንድ ስም ወስደው ሊጻፍባቸው የሚችሉትን መልኮች በሙሉ ይደርድሩ። «ፀሐይ»ን እንውሰድ፦ የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ፣ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ስለሚችል በጠቅላላው 12 መልክ ይወጣል። አሥራ ሁለቱም ከፈንክሽኑ አንድ ሆነው መውጣት አለባቸው። ይህንን በሰንጠረዥ መልክ አንድ ቴስት ማድረግ ይቻላል፤ ሲወድቅም የትኛው መልክ እንደወደቀ ወዲያው ይታወቃል።

ቅነሳውን ግን ፈጽሞ እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ሰባቱን ሆሄያት ካለፉ በኋላ ያሳስታል። ሗ ላይ 16 ሲቀነስ ሇ የሚባል፣ አማርኛ የማይጽፍበት ፊደል ይመጣል። ኋ ደግሞ ከቤቱ መጀመሪያ 11 ቦታ ስለሚርቅ ከእርሱ 128 ሲቀነስ የሚገኘው ላ ነው። እስቲ በአድራሻ መስኩ ይሞክሩት፤ እኛ ሰፈር አድራሻ የሚነገረው በምልክት ስለሆነ «ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ» ብሎ የሚያስመዘግብ ብዙ ነው። ፈንክሽንዎ «ኋላ»ን «ላላ» ያደርገዋል! ይልቁንስ እያንዳንዱ ፊደል በምን እንደሚተካ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይጻፉ፤ «ኋላ»፣ «ሗላ» እና «ሁዋላ» ሦስቱም ወደ አንድ እንዲመጡ ለብቻው ቴስት ያስገቡ።

በመጨረሻም የተስተካከለው ጽሑፍ ለፍለጋ ብቻ ይዋል፤ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፣ ዋናው ስም አይነካ። እናቱ «ሠረቀ» ብላ፣ ወጣ፣ ፈነጠቀ ለማለት የሰየመችውን ሰው ካርዱ ላይ «ሰረቀ» ብሎ ማተም ያስቀይማል። «ሰረቀ» ተብሎ ሲፈለግ «ሠረቀ» እንዲገኝ፣ ሲታይ ግን «ሠረቀ» ሆኖ እንዲታይ የሚያረጋግጥ ቴስት ይኑርዎት።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ»

«ላላ» የሚለውን አሁን አስኬጄ አየሁት፤ ባልደረቦቼም ሳቁብኝ። ሰንጠረዡን መጻፍ ጀምሬያለሁ። ፖስትግሬስን ለቴስት ማስነሳት ግን ያሳስበኛል፤ ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ ቴስቱ ከዘገየ ማንም እንደማያስኬደው አውቃለሁ። ኤስኪውላይቱን ይዤ መቀጠል የምችልበት መንገድ የለም?

መልስ፦ «ራስ መኮንን ድልድይ»

የለም ባይባልም አልመክርዎትም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። ክሊኒኩ የውጭ ዜጎችን ስም በላቲን ፊደል የሚመዘግብ ከሆነ፣ በጃንጎ «ኮንቴይንስ» የሚለው (የተፈለገው ጽሑፍ በውስጡ መኖሩን የሚያይ) ማጣሪያ ኤስኪውላይት ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፣ ፖስትግሬስ ላይ ግን ይለያል። በትንሽ ፊደል የተፈለገው ስም በቴስት ይገኛል፣ በሥራ ቦታ ይጠፋል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው በአማርኛ ስሞች ብቻ የሚፈትሽ ሰው ይህንን መቼም አያየውም። ኤስኪውላይት የጽሑፍ ዓምድን የርዝመት ገደብም አያስከብርም፤ ፖስትግሬስ ግን ከገደቡ ያለፈውን አልቀበልም ይላል።

ፍጥነቱን በተመለከተ የሚያዘገየው ፖስትግሬስ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቴስት እንደ አዲስ ማስነሳቱ ነው። ጠዋት ላይ አንድ ጊዜ በዶከር (ፕሮግራሞችን ለብቻ ከልሎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ያስነሱትና እስከ ማታ ይተዉት። ጃንጎ ለቴስት የሚሆን የራሱን ዳታቤዝ ለብቻ ይፈጥራል፣ የሥራውን አይነካም፤ እያንዳንዱንም ቴስት በትራንዛክሽን (ሊሰረዝ በሚችል የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ ስለሚያስኬድ ሲያልቅ የገባው መረጃ ሁሉ ወደነበረበት ይመለሳል። «ኪፕ ዲቢ» የሚለውን አማራጭ ከጨመሩበት የቴስት ዳታቤዙን በየጊዜው አፍርሶ አይሠራም። መብራት ሄዶ ማሽኑ ከጠፋ እንደገና ያስነሱታል፣ ያን ያህል ነው።

ሁለት ወጥመዶች በአጭሩ። ፍለጋው ቅደም ተከተል ካልተነገረው ፖስትግሬስ ውጤቱን በፈለገው ተራ ሊመልስ ይችላል፤ ስለዚህ «የመጀመሪያው ውጤት እገሌ ነው» የሚል ቴስት አንድ ቀን ያለ ምክንያት ይወድቃል። ወይ ቅደም ተከተሉን በጥያቄው ውስጥ ይግለጹ፣ ወይ ቴስቱ ተራውን ሳይቆጥር ያወዳድር። በእጅ የተጻፈ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ካለዎት ደግሞ የፐርሰንት ምልክት በፍለጋው ሳጥን አስገብተው ይፈትሹ፤ ጃንጎ በራሱ ማጣሪያዎች ያመክነዋል፣ በእጅ በተጻፈው ግን ምልክቱ «ማንኛውም» ማለት ስለሆነ የታካሚውን መዝገብ ሁሉ ይዘረግፈዋል። ባዶ ፍለጋም እንዲሁ።

መልስ፦ «ካዛንቺስ»

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍተቱን ሲያጠፉ የታካሚውን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም አንድ ላይ አያይዘው ከሆነ የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ተጣብቆ የሌለ ስም ይፈጥራል። ሦስቱ በየራሳቸው ዓምድ ይሁኑ። አዲሱ የፍለጋ ዓምድ ሲጨመር ቀድሞ የተመዘገቡት ካርዶች ባዶ እንዳይቀሩም ተጠንቀቁ፤ እኛ ዘንድ ቴስቱ ሁሉ አልፎ የቆዩት ደንበኞች በሙሉ የጠፉት በዚህ ነበር፣ ቴስቱ የሚያስገባቸው መዝገቦች ሁልጊዜ አዲስ ናቸውና።

ምላሽ፦ «አራት ኪሎ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡ ተጽፎ የ«ፀሐይ» 12 መልኮች አለፉ፤ «ኃይለ ማርያም»፣ «ሀይለማርያም» እና «ሃይለማርያም»ም አሁን አንድ ካርድ ያወጣሉ። ቴስቶቹን ወደ ፖስትግሬስ ሳዛውር ሁለቱ ወደቁ፤ አንደኛው የተራ ጉዳይ ነበር፣ ሁለተኛው የላቲን ፊደሉ። የ«ካዛንቺስ»ን ምክር ሰምቼ አሮጌዎቹን ካርዶች የሚሞላ ስክሪፕት ጽፌ በዳታቤዙ ቅጂ ላይ ሳስኬደው ደግሞ ያልጠበቅኩት መጣ፤ በተስተካከለው ስም ሲታዩ ድርብ የሚመስሉ ካርዶች በርካታ ናቸው። የትኞቹ የአንድ ሰው፣ የትኞቹ የሞክሼ እንደሆኑ ኮዱ ሊወስን ስለማይችል ዝርዝሩን አትሜ ሰኞ ለካርድ ክፍል እወስደዋለሁ።