ሜዲቴሽን የምትሰሩ፣ ትንፋሽ መቁጠር ነው የሚሻለው ወይስ ዝም ብሎ መቀመጥ?

ማርቆስ_ልጅ
ሰላም ናችሁ ወገን፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሜዲቴሽን ጀምሬ ነበር፣ አፑ ትንፋሽህን ከ1 እስከ 10 ቁጠር ይላል፣ እኔ ግን ገና 4 ላይ ስደርስ ሀሳቤ ገበያ ወጥቶ ጤፍ ይሸምታል፣ እየጎተትኩ ስመልሰው ደግሞ ግንባሬ ተጨማዶ ራሴን ያመኛል። ጓደኛዬ ምንም ሳትታገል የሚሰራም አለ አለኝ። እውነት ነው?

ጣና_ዳር
አለ። ያንተው የትኩረት ነው፣ ትንፋሽም ሻማም ይሁን አንድ ነገር ትይዛለህ ሀሳብህ ሲሸሽ ትመልሰዋለህ፣ ቡድሂስቶች ሳማታ የሚሉት ወደዚህ ነው። ያለ ጥረት ከሚባሉት ታዋቂው ህንዳዊው ማሃሪሺ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ማስተማር የጀመረው ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን ነው፣ በቀን ሁለቴ 20 ደቂቃ፣ ማንትራ የሚባል ቃል በውስጥህ ትላለህ ግን አጥብቀህ አትይዘውም፣ ከጠፋ ይጥፋ፣ ትዝ ሲልህ ቀስ ብለህ ትመለሳለህ። ትምህርቱ በገንዘብ ነው እሱን እወቅ። የጃፓን ዜን ቡድሂስቶች ሺካንታዛ የሚሉት ደግሞ ቃልም ቁጥርም የለውም፣ መቀመጥ ብቻ።

የቅኔ_ቤት_ልጅ
እኔ ዲማ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ጉባኤ ቃና ለሚባለው አጭር ቅኔ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ግን ጋቢ ተከናንቤ ዛፍ ስር ቀኑን ሙሉ ስቆጥር (ቅኔ ማውጠንጠንን መቁጠር ነው የምንለው) ውዬ አንዷ ቤት አልገጥም ትላለች፣ ተስፋ ቆርጬ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ዱብ! በኋላ ግን አቋራጭ ያገኘሁ መስሎኝ ሳልቆጥር ውሃ ለመቅዳት ብቻ ወረድኩ፣ ያመጣሁት ውሃ ብቻ ሆነ፣ ማታ የኔታ ፊት አፈርኩ። ስለዚህ ቁጥሩን ቶሎ አትተው፣ ግንባርህን ግን ፍታው፣ ትንፋሽ በግንባር አይያዝም።

እንጅባራ
ማንትራው ከሂንዱ የመጣ አይደል እንዴ? እኛ መቁጠሪያ ይዘን እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ 41 ጊዜ እንል የለ

ጣና_ዳር
@እንጅባራ መነሻው የሂንዱ ነው አዎ፣ ካልተመቸህ ተወው። መቁጠሪያው ግን ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ የምትለምነው አለ።

ማርቆስ_ልጅ
ትናንት ማታ ግንባሬን ፈትቼ ሞከርኩ፣ ቁጥሩ ሲጠፋብኝ ሳልናደድ እንደገና ከ1፣ ሦስተኛው ዙር ላይ መሰለኝ ከዚያ በኋላ አላስታውስም፣ ስነቃ ነግቷል ካልሲዬንም አላወለቅኩም። ይሄ ከየትኛው ይመደባል?

የቅኔ_ቤት_ልጅ
ከእንቅልፍ ነዋ ሃሃ፣ የፈለግከው እሱን አልነበር?