ልጄ መደመር መቀነስ ይችላል፤ የቃላት ፕሮብሌም ሲመጣ ግን ግራ ይገባዋል

የቱሉ ዲምቱ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። 14 ሲቀነስ 6 ስለው ጣቱን ሳይቆጥር 8 ይለኛል። የቃላት ፕሮብሌም ሲሆን ግን "ይደመር ወይስ ይቀነስ?" እያለ ዓይን ዓይኔን ያያል። የትናንቱ የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ "ሳራ 8 ብርቱካን አላት። ከአቤል በ3 ትበልጣለች። አቤል ስንት አለው?" 11 ብሎ ጻፈ። እኔ ከሥራ የምገባው ማታ 1፡30 ነው፣ ያውም ትዕግሥቴ አልቆ። ምን ላድርግ?

የኮዬ ፈጬ አባት፦
የኔዋም እንደዚያው ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው። "በለጠ ካለ ደምሪ፣ ቀረ ካለ ቀንሺ" ብዬ ያስጠናኋት እኔው ነኝ። ጥያቄውን ትታ ቃሏን ብቻ ማደን ጀመረች። አደራ፣ እንዲህ እንዳትዪው።

ጡረታ የወጣ መምህር፦
እህቴ፣ መጀመሪያ እርሳሱን ተቀበዪው። ጥያቄውን ያንብብና ደብተሩን ዘግቶ ታሪኩን በራሱ አፍ ይንገርሽ። ቁጥሩ ይቆይ። "ማን ነው ብዙ ያለው?" በዪው። "ሳራ" ካለ ግማሹ አለቀ። ከዚያ ባቄላ አምጪ። ለሳራ 8 ይደርድር። ከሥሯ የአቤልን አንድ በአንድ ያጣምር፤ የሳራ 3 ፍሬ ያለ ጥንድ ሲቀር ያቁም። የአቤል 5 መሆኑን በዓይኑ ያያል። ሲለምደው በባቄላው ፋንታ ክብ ይሳል።

ደግሞ አማርኛችን ተንኮለኛ ነው። "ሰጣት" እና "ሰጠችው" ላይ ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ የሚለየው የቃሉ ጭራ ነው። ልጅ ሲቸኩል ይዘለዋል። ጮክ ብሎ ያንብብ።

የአያት አክስት፦
እኔ የእህቴን ልጅ የማስጠናው ታክሲ ውስጥ ነው። 12 ተሳፋሪ ይዘን ተነሳን፣ 5 ወረዱ፣ 3 ገቡ፤ ስንት ሆንን? ከዚያ እገለብጠዋለሁ፦ አሁን 10 ነን፤ 3ቱ ሳይገቡ ስንት ነበርን? ይሄኛው ይከብዳታል። አንድ ቀን ረዳቱም ተሳስቶ ታክሲው በሳቅ ፈረሰ።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ባቄላ ስላልነበረ በተቆላ ሽምብራ ሞከርነው። "ኧረ 5 ነው!" ብሎ ጮኸ። "ሰጠችው" ላይ አሁንም ይስታል። ኩሽና ገብቼ ስመለስ ደግሞ አፉ ሙሉ ነው። "እማዬ፣ 4 በላሁ፣ 9 ቀረ። ስንት ነበር?" አለኝ። እኔም "ቀረ" የሚለውን ሰምቼ ልቀንስ ነበር።