አስቸኳይ፦ ጉባኤያችን ከጅማ ሊወሰድ ነው፤ ነገ ምን ብዬ ልከራከር?

ጅማዊት፦
እባካችሁ ድረሱልኝ። የቡና ተመራማሪዎች ጉባኤ ጅማ እንዲሆን ተስማምተን አዳራሽ ይዘናል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው «ሐዋሳ ሐይቅ አለው፤ ጅማ ሰው አይስብም» ብሎ ሐሳቡን ቀየረ። የአንድ ገጽ መልስ እስከ ነገ አራት ሰዓት ማስገባት አለብኝ። የጅማን መስህቦች ጻፉልኝ።

ጅሬን ሰፈር፦
የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት! ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙዚየሙም አለ፣ የቦዬ ረግረግም አለ።

መምህሩ፦
እህቴ፣ ዝርዝሩ ብቻውን አያሳምንም። ክራውችና ሪቺ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. የጉባኤ ቦታ የሚመረጥባቸውን መስፈርቶች ሲያደራጁ መጓጓዣን፣ የአካባቢውን ድጋፍ፣ ማረፊያን፣ አዳራሽን፣ የከተማውን ድባብና ከስብሰባው ውጭ የሚታየውን ነገር ለየብቻ አስቀምጠዋል። መስህብ ከብዙዎቹ አንዱ ነው ማለት ነው። ደግሞም በመሥሪያ ቤቱ ታዝዞ የሚመጣ ሰው የትም ቢሆን ይመጣል። የከተማው ማራኪነት ልቡን የሚያነሣሣው ልምጣ ወይስ ልቅር ብሎ የሚያመነታው፣ ወጪውንም ከኪሱ የሚሸፍነው ነው። ስለዚህ ተሳታፊዎችሽ እነማን እንደሆኑ አስቀድመሽ ለዪ።

የሐዋሳው፦
ይቅርታ አድርጊልኝና ኮሚቴው አልተሳሳተም። እዚህ እንግዳው ከስብሰባ ወጥቶ በእግሩ ሐይቁ ዳር ይደርሳል፤ ማታ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጫወታል። እናንተ የምትጠሩት ቦታ ሁሉ መኪና ይፈልጋል።

ቡና ወዳጅ፦
ስለ ቡና ሊመክሩ ሐዋሳ ከሄዱ፣ ስለ ዓሣ የሚመክሩትን እኛ ጅማ እንቀበላለን! ወደ ቁም ነገሩ ልመለስና፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል መልኮ ላይ ነው፤ ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የቡና ዝርያዎች በማሳ ላይ ይታያሉ። ለቡና ተመራማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምን መስህብ አለ? ግን «ትርፍ ሰዓት ያለው ይጎብኝ» ብለሽ አትጻፊው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ አስገቢው፤ አውቶቡሱም በአዘጋጁ በኩል ይሁን። ያን ጊዜ የሐዋሳው ወንድማችን ያነሣው የመኪና ጉዳይም መልስ ያገኛል።

ጅሬን ሰፈር፦
አባ ጅፋርን ግን እንዳትረሺ።

የጉዞ ሰው፦
እኔ ኮሚቴው የፈራው መንገዱን ይመስለኛል፤ ሐይቁ ሰበብ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቀኑን ይበላል። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከገጹ አናት ላይ የበረራውን ሰዓትና ዋጋ፣ የተያዙትን ክፍሎች ብዛት በአኃዝ አስቀምጪ፤ መስህቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሰው እንዴት እንደሚደርስና የት እንደሚያድር ሳያውቅ ስለ ውበት ቢነግሩት አይሰማም። ለመሆኑ ወሩ መቼ ነው? ክረምት ከሆነ የማሳው ጉብኝት በጭቃ ይበላሻል።

ጅማዊት፦
ኅዳር ነው፤ 200 ሰው ይጠበቃል። አብዛኞቹ በየመሥሪያ ቤታቸው ወጪ ነው የሚመጡት፤ ተማሪዎቹ ግን ራሳቸው ይከፍላሉ። መልኮን እየጻፍኩ ነው።

ቡና ወዳጅ፦
ኅዳር ከሆነማ ቀዩ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው! ይህንን በመጀመሪያው አንቀጽ አስገቢ።

የጉዞ ሰው፦
ለተማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ይገኝ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ። ዋጋው ካስፈራቸው መልኮም አያመጣቸውም።